የወሊድ ፊስቱላ

የወሊድ ፊስቱላ በተራዘመና በታገደ ምጥ ምክንያት በሴት ብልትና በሽንት ፊኛ መካከል፣ ወይም በሴት ብልትና በደንዳኔ (ከፊንጢጣ በላይ ባለው የትልቁ አንጀት መጨረሻ) መካከል የሚፈጠር ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው ከተፈጠረ በኋላ ሽንት ወይም ሰገራ፣ አንዳንዴም ሁለቱም፣ ሴቲቱ ልትቆጣጠረው ሳትችል ቀንና ሌሊት በብልቷ በኩል ይወጣል። ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ በዘርም አይወረስም። ምጡ መታገዱ በጊዜ ታውቆ ሕፃኑ በቀዶ ጥገና ቢወጣ ኖሮ ቀዳዳው ከነጭራሹ አይፈጠርም ነበር። በዚህም ምክንያት ፊስቱላ የአንድ አገር የእናቶች ጤና አገልግሎት የት እንደደረሰ ከሚያሳዩ ምልክቶች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ዛሬ እጅግ ብርቅ ነው፤ በብዛት የሚገኘው ከሰሃራ በስተደቡብ ባሉ የአፍሪካ አገሮችና በእስያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ ከ50,000 እስከ 100,000 የሚሆኑ ሴቶች ለዚህ ጉዳት እንደሚዳረጉ ይገምታል።

ስያሜ

«ፊስቱላ» ከላቲን የመጣ ቃል ሲሆን ቱቦ ወይም ቧንቧ ማለት ነው። በሕክምና ሁለት የሰውነት ክፍሎችን ያለቦታው የሚያገናኝ ማናቸውም መተላለፊያ በዚህ ስም ይጠራል። ስለዚህ በፊንጢጣ አካባቢ ከመግል እብጠት በኋላ የሚፈጠረው ቀዳዳም ፊስቱላ ይባላል፤ ለኩላሊት እጥበት ሲባል ሐኪም ሆን ብሎ በክንድ ላይ ደም ቅዳንና ደም መልስን ሲያገናኝም ፊስቱላ ነው። በኢትዮጵያ ግን ያለ ቅጽል «ፊስቱላ» ሲባል ሁሉም የሚረዳው የወሊዱን ነው። ከማህፀን መውጣት ጋር ማምታታት ተገቢ አይደለም። የማህፀን መውጣት ማህፀኑን የሚደግፉት ጅማቶችና ጡንቻዎች በመላላታቸው ማህፀን ወደ ታች መንሸራተቱ ነው። ስታስል ወይም ስትስቅ ሽንት የሚያመልጣት ሴትም ፊስቱላ አለባት ማለት አይደለም።

የዳሌ አጥንትና በውስጡ ያሉት አካላት

ጉዳቱን ለመረዳት በመጀመሪያ አካላቱ እንዴት እንደተደራደሩ ማወቅ ያስፈልጋል። የሴት ዳሌ በአጥንት የታጠረ ጎድጓዳ ዋሻ ነው። ከፊት የሁለቱ የብልት አጥንቶች መጋጠሚያ፣ ከኋላ ከወገብ በታች ያለው ሳክረም የተባለው አጥንት፣ ከጎንና ከጎን ደግሞ የዳሌ አጥንቶች ይከብቡታል። በዋሻው ውስጥ ሦስት አካላት ከፊት ወደ ኋላ ተደርድረዋል፤ ከፊት የሽንት ፊኛ፣ ከመሃል ማህፀንና ብልት፣ ከኋላ ደንዳኔ። የሽንት ፊኛው ወለል በብልት የፊት ግድግዳ ላይ የተንተራሰ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ግድግዳ ጥቂት ሚሊሜትር ውፍረት ብቻ ያለው ሲሆን፣ በጀርባ በኩል በብልትና በደንዳኔ መካከል ያለውም እንዲሁ ስስ ነው።

እርጉዝ ያልሆነች ሴት ማህፀን ርዝመቱ 7.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ቅርጹም የተገለበጠ ዕንቁ ፍሬ (ፒር) የሚመስል ትንሽ አካል ነው። እርግዝናው ዘጠኝ ወር ሲሞላ የጡንቻው ክብደት ብቻውን ወደ 1 ኪሎ ግራም ይጠጋል። የታችኛው ጫፉ የማህፀን በር ሲሆን ወደ ብልት ይከፈታል። ከኩላሊት ሽንት የሚያወርዱት ሁለቱ ቱቦዎች ወደ ፊኛው ሲገቡ በማህፀን በር ግራና ቀኝ፣ ከማህፀን ደም ቅዳ ሥር ሾልከው ያልፋሉ። የእነዚህ ቱቦዎች ቅርበት በኋላ በሕክምናው ላይ ትልቅ ቁም ነገር ስለሚሆን ተማሪ ቢያስታውሰው ይበጀዋል።

ሕፃኑ የሚያልፍበት የአጥንት መንገድ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ስፋት የለውም። መግቢያው ከጎን ወደ ጎን ሰፊ ነው፤ 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ከፊት ወደ ኋላ ግን 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። መውጫው ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ የሚሰፋው ከፊት ወደ ኋላ ያለው ነው። በመካከል፣ ከመቀመጫ አጥንቶች ወደ ውስጥ በሚያጮልቁት ሁለት እሾህ መሳይ ጉብታዎች መካከል ያለው ርቀት 10.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ በመሆኑ ከሁሉ የሚጠበው ይህ ነው። ሕፃኑ ወደ ጎን ዞሮ ገብቶ፣ መንገድ ላይ ተሽከርክሮ፣ ፊቱን ወደ እናቱ ጀርባ አድርጎ የሚወጣውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የሕፃኑ ራስ ከአንዱ ጆሮ በላይ ካለው ጎን እስከ ሌላው 9.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። አገጩን በደረቱ ላይ አጣብቆ ከመጣ ከማጅራቱ በታች እስከ እርግብግቢቱ የሚለካው ርዝመትም ከዚሁ አይበልጥም፤ ስለዚህ ያልፋል። ቀና ብሎ በግንባሩ ቢመጣ ግን የሚያልፈው ልክ ወደ 13.5 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ይህ ደግሞ በየትኛውም ተራ ዳሌ ውስጥ አያልፍም። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው የሰው ልጅ ወሊድ ምን ያህል የተቆጠበ ስፋት ላይ እንደሚካሄድ ግልጽ ነው። ቀጥ ብሎ በሁለት እግር ለመሄድ የተስማማ ዳሌና ትልቅ አንጎል የተሸከመ ራስ የሚገናኙት በአንድና በሁለት ሴንቲ ሜትር ልዩነት ነው።

ምጥ ሲሄድና ሲታገድ

ምጥ በሦስት ደረጃ ይከፈላል። በመጀመሪያው ደረጃ የማህፀን በር እየሳሳ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይከፈታል። በሁለተኛው እናትየዋ አምጣ ሕፃኑን ትገፋለች። በሦስተኛው የእንግዴ ልጅ ይወጣል። በሁለተኛው ደረጃ ለበኩር ልጅ እስከ 3 ሰዓት፣ ቀድሞ ለወለደች ደግሞ እስከ 2 ሰዓት መቆየት በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት እንደ ጤናማ ይታያል።

የማህፀን የላይኛው ክፍል ወፍራምና ኃይለኛ ጡንቻ ሲሆን ይጨመቃል፤ የታችኛው ክፍል ግን ስስ ሆኖ ይለጠጣል። መንገዱ ሲዘጋ የላይኛው እየወፈረ፣ የታችኛው እየሳሳ ይሄድና በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር በሆድ ላይ እንደ ቀለበት ጎልቶ ይታያል፤ ይህም «የባንድል ቀለበት» ይባላል። ቀለበቱን ያየ አዋላጅ የሚጠብቀው ነገር የለም፤ እናትየዋ ያለ መዘግየት ወደ ቀዶ ጥገና መሄድ አለባት።

ከዚህ በኋላ የሚሆነው በእናትየዋ የወሊድ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው። ደጋግማ የወለደች ሴት ማህፀን መንገድ ቢዘጋበትም መጨመቁን አያቆምም፤ በዚህም የተነሳ ሊቀደድ ይችላል፤ እናትየዋም በሆድ ውስጥ በሚፈስ ደም ትሞታለች። የበኩር ልጇን የምታምጠው ሴት ማህፀን ግን ብዙ ጊዜ ይደክምና ጭምቀቱ ይላላል። ሕይወቷ ይተርፋል፤ የሕፃኑ ራስ ግን በተቀረቀረበት ሆኖ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ፊስቱላ እንግዲህ ከሞት የተረፉ እናቶች ጉዳት ነው።

ቀዳዳው የሚፈጠርበት መንገድ

ብዙ ሰው ፊስቱላ የመቀደድ ውጤት ይመስለዋል። በእርግጥ ግን ሥጋው አይቀደድም፤ ደም አጥቶ ይሞታል። የሕፃኑ ራስ የፊኛውን ወለልና የብልቱን የፊት ግድግዳ በብልት አጥንት ላይ፣ የኋላውን ግድግዳና ደንዳኔውን ደግሞ በሳክረም ላይ ጨፍልቆ ይይዛል። በተጨፈለቀው ሥጋ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ይዘጋሉ፤ ደም ካልደረሰ ኦክስጅን የለም፤ ሰዓታት ሲያልፉ ሕዋሳቱ ይሞታሉ። በዚህ መካከል ሕፃኑም በአብዛኛው ይሞታል፤ ከ10 እንዲህ ዓይነት ምጦች 9 ያህሉ ሙት ልጅ በመውለድ ያበቃሉ። ሬሳው ሲላላ ራሱ ይጠብና ይወጣል።

የሞተው ሥጋ ግን ወዲያው አይወድቅም። ከወሊዱ በኋላ ከ3 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ተልጦ ይወጣና ክፍት ቦታ ይተዋል። ሴቲቱ ሽንቷ መፍሰሱን የምታስተውለው ያን ጊዜ ነው። ብዙዎች መጀመሪያ የወሊድ ፈሳሽ መስሏቸው ይቆያሉ። በምጥና በፈሳሹ መጀመር መካከል ቀናት መኖራቸው ሌላም መዘዝ አለው፤ ችግሩን ከምጡ ጋር ማያያዝ ያቃታቸው ቤተሰቦች እርግማን ወይም ቁጣ አድርገው ይተረጉሙታል።

ቀዳዳው የት ላይ እንደሚሆን የሚወስነው ራሱ የተቀረቀረበት ቦታ ነው። ከላይ መግቢያው ላይ ከቆመ ቀዳዳው ወደ ማህፀን በርና ወደ ሽንት ቱቦዎቹ ይጠጋል፤ ወደ ታች ወርዶ ከቆመ ደግሞ የፊኛው አንገትና የሽንት መውጫው ይጎዳሉ። የኋለኛው ለሐኪሙ የሚከብደው ነው፤ ምክንያቱም ሽንትን የሚይዘው የመዝጊያ ጡንቻ እዚያው ስለሆነ ቀዳዳው ቢዘጋም መቆጣጠሩ ላይመለስ ይችላል። በምጥ ጊዜ ፊኛው በሽንት ተወጥሮ ከተተወ ጉዳቱ ይብሳል። ስለዚህ ምጥ ላይ ያለችን ሴት «ሽንትሽን ሽኚ» እያሉ ማስታወስ ቀላል ቢመስልም ትልቅ ጥበቃ ነው።

ከሽንት ያለፈ ጉዳት

የሞተው ሥጋ በዳሌ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሊነካ ይችላል። በ1996 እ.ኤ.አ. በዘርፉ የሠሩ ሐኪሞች የእነዚህን ጉዳቶች ስብስብ በአንድ ላይ የገለጹት ቀዳዳው ብቻውን ታሪኩን ስለማይናገር ነው። ብልት በጠባሳ ይጠብባል፤ የግብረ ሥጋ ግንኙነት ያማል ወይም አይቻልም። የወር አበባ ለብዙ ወራት ሊቋረጥ ይችላል። ወደ እግር የሚወርዱት ነርቮች በሳክረም ላይ ስለሚጨፈለቁ የእግር መዳፍ መቀናት አቅቶት ይንጠለጠላል፤ ሴቲቱ እግሯን እየጎተተች ትሄዳለች፣ ወይም ዱላ ትይዛለች። አንዳንዷ ፈሳሹ የሚቀንስ መስሏት እግሮቿን ኮርትማ ለወራት ስለምትተኛ መጋጠሚያዎቿ በዚያው ይደርቃሉ። ጭኗና ብልቷ በሽንት ጨው ይላጣል።

ከነዚህ ሁሉ መካከል በትንሽ ምክር የሚስተካከል አንድ ነገር አለ። ታማሚዋ ሽንቱ እንዲቀንስላት ብላ ውኃ መጠጣት ታቆማለች። ውኃ ሲቀንስ ሽንቱ ይወፍራል፤ የወፈረ ሽንት ይበልጥ ይሸታል፣ ቆዳን ያቃጥላል፣ ፊኛ ውስጥ ጠጠር ይሠራል። ብዙ ብትጠጣ ፈሳሹ ቢበዛም ሽታው ይቀላል። በፊስቱላ ሕክምና ጣቢያ የምትደርስ ሴት ከቀዶ ጥገናው በፊት የምትማረው የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው።

በኀዘንዋ ላይ የሚጨመረውንም መዘንጋት አይገባም። በአገራችን ወላድ በሰላም ስትገላገል «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትባላለች፣ ገንፎ ይገነፋል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል። ልጇን በምጥ ላጣች፣ ከዚያም ልብሷ ለማይደርቅላት ሴት ከዚህ ሁሉ አንዱም የለም። አንዳንዱ ባል ይሄዳል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሚስቱን አዝሎ ሆስፒታል ድረስ ያመጣል። በጽሑፎች ላይ የመጀመሪያው ብቻ መደጋገሙ ትክክለኛውን መልክ አያሳይም።

የሚያጋልጡ ሁኔታዎች

ያለ ዕድሜ ጋብቻ ሁልጊዜ በመጀመሪያ ይጠቀሳል። ምክንያታዊም ነው፤ የሴት ልጅ ቁመት ማደግ ካቆመ በኋላ እንኳ ዳሌዋ ለተወሰኑ ዓመታት መስፋቱን ስለሚቀጥል፣ በ14 እና በ15 ዓመት የምታረግዝ ልጅ መንገዱ ሳይጠናቀቅ ነው የምታምጠው። በልጅነት የምግብ እጥረት የነበረባት፣ ከባድ ሥራ እየሠራች ያደገች ሴትም ቁመቷ አጥሮ ዳሌዋ ሊጠብ ይችላል። ሆኖም ታማሚዎች ሁሉ ልጃገረዶች አይደሉም። ሦስትና አራት ልጅ በሰላም ወልዳ አምስተኛው ትልቅ ስለሆነ ወይም በግንባሩ ስለመጣ የተጎዳች ሴት በየሆስፒታሉ አለች። ምጥ መታገዱ በየትኛውም አገር፣ በየትኛዋም ሴት ላይ ይደርሳል፤ ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ባሉት ሰዓታት የሚሆነው ነው።

እነዚህን ሰዓታት ለመመርመር በብዙ አገር የሚሠራበት አስተሳሰብ በ1994 እ.ኤ.አ. ታዴየስና ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች ያቀረቡት «ሦስቱ መዘግየቶች» ነው። የመጀመሪያው ቤት ውስጥ የሚባክነው ነው፤ ማን ይወስን? ባል እስኪመጣ፣ አማት እስኪፈቅዱ፣ ገንዘብ እስኪገኝ። ሁለተኛው መንገድ ላይ የሚባክነው ነው፤ መኪና በማይደርስበት ቀበሌ ወላድ በቃሬዛ ተይዛ ቁልቁለትና ዳገት ትጓዛለች፣ ወንዝ ይሞላል። ሦስተኛው ጤና ተቋም ከደረሰች በኋላ የሚባክነው ነው፤ ቀዶ ጥገና የሚሠራ ባለሙያ፣ ደም፣ ማደንዘዣ፣ መብራት ሲጠፋ። ስለ ፊስቱላ ሲነገር ሸክሙ በመጀመሪያው ላይ፣ ማለትም በቤተሰቡ ላይ የሚጣልበት ጊዜ ይበዛል። ሦስተኛው ግን ቤተሰቡ ሊያስተካክለው የማይችለው ነው። በአፍሪካ ብዙ ቦታ «በምጥ ላይ ባለች ሴት ፀሐይ ሁለት ጊዜ አትጥለቅባት» የሚል አባባል አለ፤ በዘመኑ ሕክምና መለኪያ ግን አንድ ጊዜ መጥለቋም ብዙ ነው።

በኢትዮጵያ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ2000 እ.ኤ.አ. ለጋብቻ ዝቅተኛውን ዕድሜ ለሁለቱም ጾታ 18 ዓመት አድርጓል። ከዚያ በፊት በ1960 እ.ኤ.አ. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15 ዓመት ይፈቅድ ነበር።

ምርመራ

አብዛኛውን ጊዜ የታማሚዋ ታሪክ ብቻውን ይናገራል። ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ ወይም ቦታው ካልታወቀ ሰማያዊ ቀለም ያለው ፈሳሽ በካቴተር ወደ ፊኛው ይገባና በብልት ውስጥ ሦስት የጋዝ ቁርጥራጮች ይቀመጣሉ። ጋዙ ሰማያዊ ከሆነ ቀዳዳው ያለው ፊኛው ላይ ነው። ጋዙ በሽንት ረጥቦ ነገር ግን ቀለም ካልነካው ሽንቱ ወደ ፊኛው ሳይደርስ ከላይ፣ ከኩላሊት ከሚወርደው ቱቦ እያመለጠ ነው ማለት ነው። ይህ ርካሽ ምርመራ በጤና ጣቢያ ደረጃ እንኳ ሊሠራ ይችላል።

ሕክምና

ጉዳቱ ትኩስ ሲሆን ቀዶ ጥገና ላያስፈልግ ይችላል። ከወሊዱ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የመጣች ሴት ቀዳዳዋ ትንሽ ከሆነ ካቴተር ገብቶላት ለ4 እስከ 6 ሳምንት ፊኛዋ ባዶ ሆኖ እንዲቆይ ቢደረግ ቀዳዳው በራሱ ሊዘጋ ይችላል። ለዚህም ነው ከታገደ ምጥ የተረፈች ማንኛዋም ሴት፣ ሽንት ቢፈስሳትም ባይፈስሳትም፣ ካቴተር እንዲገባላት የሚመከረው። ይህ መንገድ ጥቂት ብር የሚያወጣ ቱቦ ብቻ የሚፈልግ ሲሆን፣ ሳይታወቅ ወይም ሳይታሰብ የሚያልፍበት ጊዜ ግን ብዙ ነው።

ጊዜው ካለፈ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል። የሞተው ሥጋ ተወግዶ ቁስሉ እስኪጠራ ድረስ ብዙ ሐኪሞች 3 ወር ያህል ይጠብቃሉ፤ በዚህ ጊዜ ታማሚዋ ምግብ ታገኛለች፣ የደም ማነሷና ትላትሏ ይታከማል፣ የደረቁት መጋጠሚያዎቿ በፊዚዮቴራፒ ይፍታታሉ። ቀዶ ጥገናው በአብዛኛው በብልት በኩል፣ ከወገብ በታች በሚያደነዝዝ መርፌ ይሠራል። መርሆው ጥቂት ነው፤ ፊኛውን ከብልቱ ግድግዳና ከጠባሳው በደንብ ማላቀቅ፣ ቀዳዳውን ያለ ውጥረት መስፋት፣ ስፌቱን በቀለም ውኃ መፈተን። ከዚህ ሁሉ በፊት የሁለቱ የሽንት ቱቦዎች አፍ መገኘት አለበት። ትልቅ ቀዳዳ ባለበት ፊኛ ውስጥ አፋቸው ከቀዳዳው ጠርዝ ላይ ሊሆን ስለሚችል፣ ሳያይ የሰፋ ሐኪም ቱቦውን አብሮ ሰፍቶ ኩላሊት ሊያጠፋ ይችላል።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ያለው እንክብካቤ የነርሶች ነው። ካቴተሩ ከ7 እስከ 14 ቀን ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ ቱቦው ለጥቂት ሰዓት ቢደፈን ፊኛው ተወጥሮ ስፌቱ ይበጠሳል፤ የሐኪሙ ድካም ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ነርሷ በየአልጋው ሦስት ነገር ትጠይቃለች፦ እየጠጣች ነው? ቱቦው እየወረደ ነው? አንሶላው ደረቅ ነው? ልምድ ባላቸው እጆች ከ10 ቀዳዳዎች 9 ያህሉ ይዘጋሉ። ቀዳዳ መዘጋትና መድረቅ ግን አንድ አይደሉም፤ ከተሳካላቸው መካከል የመዝጊያው ጡንቻ በመጎዳቱ ሽንት ማምለጡ የሚቀጥልባቸው አሉ፤ ለእነርሱ የዳሌ ጡንቻ እንቅስቃሴ፣ አንዳንዴም ሌላ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል። ፊኛቸው ከጥገና በላይ የተጎዳ ጥቂት ሴቶች ደግሞ ሽንታቸው ወደ አንጀት ወይም ወደ ሆድ ላይ ከረጢት እንዲዞር ይደረጋል፤ ይህም ዕድሜ ልክ ክትትል ይጠይቃል።

ታሪክ

በግብፅ ዴር ኤል ባህሪ ከተገኙት ሙሚያዎች መካከል ከ4,000 ዓመት በፊት በ11ኛው ሥርወ መንግሥት የኖረች ሄንሄኒት የተባለች ሴት ትገኛለች። ዳግላስ ዴሪ የተባለው የአናቶሚ ምሁር መርምሯት በ1935 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው፣ ጠባብ ዳሌና በፊኛዋና በብልቷ መካከል ትልቅ ቀዳዳ ነበራት። በ11ኛው ክፍለ ዘመን ኢብን ሲና በልጅነታቸው የሚዳሩ ሴቶች በወሊድ ፊኛቸው ሊጎዳ እንደሚችልና ሽንት መፍሰሱ እስከ ሞት እንደማይድን ጽፏል።

የማይድን መሆኑ የቀረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ የቀረበት መንገድ ግን ያሳፍራል። ጄምስ ማሪዮን ሲምስ በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ ሞንትጎመሪ ከተማ ከ1845 እስከ 1849 እ.ኤ.አ. በባርነት ያሉ ሴቶችን ያለ ማደንዘዣ ደጋግሞ ቀደደ። ሦስቱ በስም ይታወቃሉ፦ አናርካ፣ ቤትሲና ሉሲ። አናርካ 30 ያህል ቀዶ ጥገና ተደርጎባታል። እምቢ የማለት መብት የሌላት ሴት ፈቅዳለች ማለት አይቻልም። ሲምስ በመጨረሻ በብር ሽቦ መስፋት ተሳካለት፤ በ1852 እ.ኤ.አ. አሳተመው፤ በኒው ዮርክም የሴቶች ሆስፒታል አቋቋመ። በዚያው ከተማ የቆመለት ሐውልት በ2018 እ.ኤ.አ. ተነስቷል። በአፍሪካ ምድር ቀዳሚው የፊስቱላ ሐኪም የካይሮው ናጊብ ማህፉዝ ፓሻ ናቸው። ኋላ የኖቤል ተሸላሚ የሆነው ደራሲ ናጊብ ማህፉዝ ስሙን ያገኘው ካዋለዱት ከእኚሁ ሐኪም ነው።

በኢትዮጵያ

አውስትራሊያዊቷ ካትሪን ሃምሊንና ኒውዚላንዳዊው ባለቤታቸው ሬጂናልድ ሃምሊን በ1959 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የመጡት በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም፣ ለሦስት ዓመት ብቻ ነበር። ሆስፒታሉ የተሰየመላቸው ልዕልት ፀሐይ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ፣ በእንግሊዝ ነርስነት ተምረው በ1934 ዓ.ም. ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር በወጣትነታቸው ያረፉ ናቸው። ሃምሊኖች ከዚያ በፊት ፊስቱላ በዓይናቸው አይተው አያውቁም ነበር። ወሬው ሲሰማ ታማሚዎች ከየጠረፉ በእግራቸው መምጣት ጀመሩ። በ1974 እ.ኤ.አ. ለዚህ ሕክምና ብቻ የሚያገለግለው የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ተከፈተ። ዶክተር ሬጂናልድ በ1993 እ.ኤ.አ.፣ ዶክተር ካትሪን በ96 ዓመታቸው በመጋቢት 2012 ዓ.ም. አረፉ። ድርጅቱ እስካሁን ከ60,000 በላይ ሴቶችን አክሟል፤ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱም ሆስፒታሎች አሉት። ክትትል የማይለያቸው ታማሚዎች የሚኖሩበት ደስታ መንደር ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ይገኛል፤ በ2007 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የሃምሊን የአዋላጆች ኮሌጅም እዚያው ነው።

ከሆስፒታሉ ሠራተኞች ስማቸው ከአገር ያለፈው ማሚቱ ጋሼ ናቸው። እርሳቸው ራሳቸው በልጅነታቸው በፊስቱላ ታመው የመጡ፣ ማንበብና መጻፍ ያልተማሩ ገጠሬ ነበሩ። አልጋ ከማንጠፍ ጀምረው በቀዶ ጥገና ክፍል መሣሪያ ማቀበል፣ ቀጥሎም ራሳቸው መስፋት ቻሉ፤ ለስፔሻላይዜሽን የሚመጡ ሐኪሞችንም አሠልጥነዋል። በ1989 እ.ኤ.አ. በለንደን ከሃምሊኖች ጋር ከንጉሣዊው የቀዶ ጥገና ሐኪሞች ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ተቀብለዋል።

መከላከል

በየጊዜው የምጡን አካሄድ በወረቀት ላይ የሚያሳየው ፓርቶግራፍ በ1972 እ.ኤ.አ. በዛሬዋ ዚምባብዌ ፊልፖትና ካስል የተባሉ ሐኪሞች ባሻሻሉት መልኩ ተስፋፍቷል። የማህፀን በር መከፈት ከሚጠበቀው መስመር ወደኋላ ሲቀር አዋላጇ ሳይረፍድ ታያለች። በ2020 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት በአዲስ የምጥ መከታተያ ቅጽ ተክቶታል። ወረቀቱ የሚረዳው ግን ቀዶ ጥገና የሚሠራበት ቦታ በአቅራቢያ ካለ ነው።

ለሁለተኛው መዘግየት ኢትዮጵያ ውስጥ ከተሞከሩት መፍትሔዎች አንዱ የእናቶች ማቆያ ነው። ቤቷ ሩቅ የሆነ ወይም ቀድሞ በቀዶ ጥገና የወለደች እናት ቀኗ ሲቃረብ መጥታ በጤና ተቋሙ ግቢ ትቆያለች። በጉራጌ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል ማቆያ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠራ ቀደምት ነው። በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት በ2005 እ.ኤ.አ. ከ100 ወሊዶች 5 ብቻ በጤና ተቋም ይካሄዱ ነበር፤ በ2011 10፣ በ2016 26፣ በ2019 48 ደርሰዋል። የተባበሩት መንግሥታት ግንቦት 15 ቀንን ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፊስቱላን የማጥፊያ ቀን አድርጎ ያስባል፤ ግቡም እስከ 2030 ማጥፋት ነው።

የቀዶ ጥገና ወሊድ ሲበዛ ደግሞ ሌላ ዓይነት ፊስቱላ ብቅ ብሏል። ማህፀን ሲከፈት ወይም ሲወጣ ፊኛው ወይም የሽንት ቱቦው በስህተት ሲቆረጥ ወይም አብሮ ሲሰፋ የሚፈጠረው ነው። ከታገደ ምጥ የሚመጣው ሲቀንስ የዚህኛው ድርሻ እየጨመረ መሄዱን የሚዘግቡ አገሮች በርክተዋል።

ከሕክምና በኋላ

የዳነች ሴት ስፌቱ እንዲጠነክር ቢያንስ ለ3 ወር ከግብረ ሥጋ ግንኙነት እንድትቆጠብ ትመከራለች። ዳግም መፀነስና ጤነኛ ልጅ መውለድ ትችላለች፤ ነገር ግን የተጠገነው ቦታ ሁለተኛ ምጥ ስለማይችል የሚቀጥለው ወሊድ ምጥ ሳይጀምር በቀዶ ጥገና መሆን አለበት። ስለዚህ ከሆስፒታል ስትወጣ ይህንኑ የሚያስረዳ ወረቀት ይሰጣታል፤ ስታረግዝ ቀድማ ለክትትል ይዛው ትመጣለች፣ በማቆያም ትሰነብታለች። በሃምሊን ሆስፒታሎች ሕክምናው ያለ ክፍያ ይሰጣል።